ቡጊው ላይ የሰፈሩት ንቦች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ ጫካ ውስጥ... እህቴና አስጎብኚያችን መኪናውን ከኋላ እየገፉ፣ እኔ መሪውን ይዤ ሰዓቴን አያለሁ።

መኪናው ተበላሽቶ አይደለም። ቡጊ ይሉታል። በር የለው፣ መስታወት የለው፣ ከላይ የብረት ቱቦ ብቻ የተጋደመበት፣ ዳገት የማይፈራ ነገር ነው። ሁለት ቀን ብቻ ስለነበረኝ ጫካውንም ተራራውንም በአንድ ጠዋት ልጨርሰው ብዬ ከነአስጎብኚዋ የተከራየሁት እኔ ነኝ።

እህቴ ሒሩት ቦንጋ መምህርት ናት። ከተመደበች ስድስት ዓመቷ ነው። ፈቃድ ወጥቼ ልዝናና ነው የመጣሁት ብላትም እውነቱ ሌላ ነው... አዲስ አበባ ካለች አንዲት መምህርት ጋር ቦታ ላቀያይራት ዓመት ሙሉ ስሮጥ ከርሜያለሁ። የቀረው የሒሩት ፊርማ ብቻ ነው፣ ቅጹም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለእናታችን «አስፈርሜ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ችግሩ እኔ ቁጭ ብሎ ማውራት አልችልበትም። ከመጣሁ ጀምሮ ሒሩት አንድ ነገር ልንገርሽ ባለች ቁጥር መንገድ ላይ ትነግሪኛለሽ እያልኩ አስሮጣታለሁ። መንገድ ላይ ደግሞ በዚያ ሞተር ጩኸት ማን ማንን ይሰማል።

ተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ አስጎብኚያችን ማርታ ሞተሩን አጠፋችው። መንገዱ ላይ እርጥብ ቅርንጫፍ ተጋድሟል። ከፊታችን ያለው ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፣ ንብ ሊገባበት ነው፣ ባለቤቱ በጸጥታ እለፉ ማለታቸው ነው ብላ አስረዳችን። ሞተር ጠፍቶ በእጅ ተገፍቶ ነው የሚታለፈው። መንገዱ እዚያ ጋ ሜዳ ስለሆነ ሁለቱ ወርደው ገፉ፣ እኔ መሪ ያዝኩ።

ጥቂት ገፍተው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆሙ። ማርታ ባለቀፎውን ሰላም ልበል ብላ መንገዱ ዳር ወዳለው የጫካ ቡና ውስጥ ገባች። ቀና ስል ደመናው የተራራውን ጫፍ እየሸፈነው ነው። ሳንደርስበት ሊያመልጠን ነው! ቁልፉ ደግሞ እፊቴ ነው... አንዴ አስነስቼ ላሳልፈው አልኩ።

አስነሳሁት።

መጀመሪያ ዝናብ የመጣ መስሎኝ ነበር። ከዛፉ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተነሳና አየሩ ሁሉ ንብ ሆነ። ሞተሩን ወዲያው አጠፋሁት፣ ግን ምን ዋጋ አለው። ዞሩ፣ ዞሩ... ከዚያ ልክ ከጭንቅላቴ በላይ ባለው የቡጊው ብረት ላይ ይከመሩ ጀመር።

ባለቀፎው ጋሽ ገብሬ ከማርታ ጋር ብቅ አሉ። ሽማግሌ ናቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አትንቀሳቀሺ ልጄ» አሉኝ በቀስታ። «አሁን ቤት የላቸውም። ቤት የሌለው ንብ ዝም ብሎ አይናደፍም፣ የሚጠብቀው የለውማ። አንቺ ከተነሳሽ ግን እነሱም ይነሳሉ። ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም።»

ማርታ በሹክሹክታ ነገረችኝ... ያ ቀፎ ሁለት ዓመት ባዶውን ከርሞ ንብ የመጣለት ዛሬ ነው። ጋሽ ገብሬ ቅርጫትና ጭስ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ እሷም ልታግዛቸው ተከተለቻቸው። እኔ አምስት ደቂቃ ወረፋ መጠበቅ የማልችለው ሴትዮ፣ ጭንቅላቴ ላይ የንብ መንጋ ተሸክሜ ቀረሁ።

ሒሩት ትንሽ ራቅ ብላ ሣሩ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የፈራችልኝ መስሎኝ ነበር።

«በቃ አሁን ልንገርሽ» አለች።

አፌን መክፈት አልችልም። አንዷ ንብ ከንፈሬ ላይ እየተራመደች ነው።

ነገረችኝ። ያቺ የአዲስ አበባዋ መምህርት ራሷ ደውላላት ስለነበር ስለ ቅጹ ከመጣሁ በፊት ታውቅ ነበር። አትፈርምም። እዚህ ትንሽ ቤት ጀምራለች፣ ግድግዳው ተመርጓል፣ ጣሪያው ነው የቀረው። ገበያ ስትወጣ በስሟ የማይጠራት የለም። እማዬ ከፈለገች መጥታ አብራት ትኑር እንጂ እሷ አትመለስም።

«እናንተ ጋ ስመጣ እኮ እንግዳ ነኝ» አለች። «ቤቴ የምገባው ወደዚህ ስመለስ ነው። ይሄን ልነግርሽ ስንቴ ጀመርኩ... ሳታቋርጪኝ ስትሰሚኝ ዛሬ የመጀመሪያሽ ነው።»

ለእያንዳንዱ ነገር መልስ ነበረኝ። ንቧ ግን ከከንፈሬ አልወረደችም። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቶ ግን አፈርኩ፣ በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነው ኑሮ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እንባዬ ወረደ፣ እሱንም መጥረግ አልቻልኩም።

ጋሽ ገብሬ የተመለሱት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጭሱን በቀስታ እያስጠጉ፣ በእጃቸው እየፈለጉ አውራዋን ንብ አገኟትና ቅርጫቱ ውስጥ አስገቧት። ሌሎቹ እየተግተለተሉ ተከተሏት። እኔን አንዷም አልነደፈችኝም።

ስወርድ እግሬ ደንዝዞ ልወድቅ ነበር። አሁን እንደ ልቤ መናገር እችላለሁ። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ክርክር አለኝ። ከአፌ የወጣው ግን ለጋሽ ገብሬ ነው።

«አሁን ቀፎው ውስጥ ይቆያሉ?»

ቅርጫቱን በቅጠል እየሸፈኑ፣ «ከተመቻቸው» አሉኝ።

ሒሩት ቀና ብላ አየችኝ። ቅጹን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። የተራራውንም ጫፍ ሳናይ ተመለስን፣ ቀፎው ያለበትን መንገድ ግን እኔም ወርጄ ገፋሁ።

እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ፈረመች?» እያለች ትደውላለች... ምን እንደምላት እስካሁን አላውቅም፣ መጀመሪያ ግን በስልክ ሳይሆን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የማወራት።