ቆሞ ያነከሰው ሰው

ወንዙ አጎቴን ሙላትን የወሰደብን እኔ ልጅ ሳለሁ፣ የፎገራ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ውሃ በተኛበት ነሐሴ ነው። ያኔ የምንኖረው ቁሐር ሚካኤል ነበር፤ ታች ሰፈር። ውሃው ሩዛችን ውስጥ እንዳይገባ ሰዉ በየክረምቱ ወንዙ ዳር አፈር እየቆለለ የሚያጠብቀው ክትር ነበረን። ያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ክትሩ ተናደ። አጎቴ ማሳ ላይ የታሰሩትን በሬዎች ሊፈታ ሮጠ። በሬዎቹ እየዋኙ ወጡ፤ እሱ ግን በሦስተኛው ቀን ከሩዝ ማሳ ውስጥ ተገኘ።

ጩኸቱ ከመሰማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እኔ ለሽንት ወደ ደጅ ወጥቼ ነበር። ጉሙ መሬቱን ሸፍኖታል። ክትሩ ላይ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ለአፍታ አየሁት፤ ከዚያ ብርዱ ሲጠናብኝ ገብቼ ተኛሁ። ያየሁት ይኸው ነው። ይኸው ብቻ መሆኑን ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

አባባ፣ የአባቴ አባት፣ እስከዚያ ክረምት ድረስ ተረት አዋቂ ነበሩ። ራት ከተበላ በኋላ ምድጃው ዙሪያ ሰብስበው የጦጣውን፣ የጅቡን፣ የአህያዋን ሲነግሩን እንዲያ ስቀን አንጠግብም ነበር። ከሙላት ቀብር በኋላ ግን ተረታቸው አንድ ብቻ ሆነ። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የኩራዙ ብርሃን ጭቃው ግድግዳ ላይ ጥላቸውን እያገዘፈው፣ ከወንድሞቼ ጋር ተጠጋግተን ያችኑ የአንድ ንጋት ታሪክ እንሰማለን።

በመጀመሪያው ምሽት ያሉት «ውሃው መጣ፣ ልጄን ወሰደው» ብቻ ነበር። መስከረም ሲጠባ «ክትር በገዛ እጁ አይናድም» የሚል ጨመሩበት። በጥቅምት ክትሩ ላይ ዶማ የያዘ ሰው ወጣ። ሩዙ ሊታጨድ ሲደርስ ደግሞ ያ ሰው ማንከስ ጀመረ። አባባ አልዋሹም፤ ይህን ዛሬም እምልላቸዋለሁ። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ የሚናገሩትን በዓይናቸው እንደሚያዩት ሆነው ነበር የሚናገሩት። እኔም ጉልበታቸው ሥር ተቀምጬ አብሬያቸው አየሁ።

በአገሩ የሚያነክስ ሰው አንድ ነበር፤ የላይ ሰፈሩ አያ ደሴ። በጉብዝናው በሬ ረግጦት እግሩ የተሰበረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጁ እናና ጓደኛዬ ነበረች። ክትሩ ከታች ከተናደ የላይ ሰፈር ማሳ ውሃው ይጎድልለታል፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ስሙ ሳይጠራ ሁሉም ሰው ስሙን ያውቀው ጀመር። እናና ውሃ ልትቀዳ ስትመጣ ልጃገረዶቹ ይበተናሉ። እኔም ከነሱ ጋር እበተን ነበር።

በኅዳር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሾላው ሥር ተሰየሙ። ያን ንጋት ክትሩ ላይ ሰው ማየቴን ለእናቴ ነግሬያት ስለነበር እኔንም አስጠሩኝ። የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከባድና ሞቃት እጅ።

«ምን አየሽ ልጄ? ሳትፈሪ ተናገሪ» አለኝ አንዱ ሽማግሌ።

«ሰው አየሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

አያ ደሴ ከፊቴ ነበር። በዱላው ተደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል።

«የሚያነክስ» አልሁ።

ሰዉ አጉረመረመ። ከሽማግሌዎቹ መካከል መሪጌታ ጥሩነህ የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሳቸው ብቻ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ሲሄድ ነው ያየሽው ወይስ ቆሞ?»

«ቆሞ።»

«ቆሞ፤ እንግዲያ የቆመ ሰው ሲያነክስ እንዴት ታየሽ?»

ቀና ብዬ አባባን አየሁ። በእርጥብ ክትር ላይ የቆምሁ መሰለኝ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢጠብቀኝ ኖሮ «አላውቅም» እል ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ከኋላ አንድ ድምፅ ጮኸ፦

«ምን ያድርጉ! የደሴ ሚስት እኮ እህታቸው ናት!»

እውነትም እህታቸው ነበረች። መሪጌታ ቀና ብለው «እህቴ መሆኗ የጠየቅሁትን ጥያቄ ያጣምመዋል?» አሉ። «አፈር ሲርስ እኮ ሰው ሳይነካውም ይናዳል።» የሰማቸው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ፤ ዘመድ ስለሆኑ ጥያቄው ከነመልሱ ተጣለ። አያ ደሴ በሚካኤል ስም ማለ። «የሞተው ወንድሜ ነበር፤ እጄ የለበትም» አለ። ሰዉ መሐላውን እንደ ድፍረት ቆጠረበት።

በሳምንቱ የነአያ ደሴ ቤት በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ። ሁሉም አጨዳ ላይ ነበር፤ እሳቱን የለኰሰውን አየሁ ያለ ሰው አልተገኘም። እኛ ሰፈር ሆኜ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየሁ። አባባም ከጎኔ ቆመው ያያሉ። በማግስቱ አያ ደሴ ሚስቱን፣ እናናንና ገና ጡት ያልጣለውን ልጁን ይዞ ወጣ። ወደ መተማ ሄዱ ተባለ።

ዓመታት አለፉ። ተምሬ ከቁሐር ብዙም ሳልርቅ ወረታ ሥራ ያዝሁ። አባባ ሊያርፉ ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥሁ። በልቤ ሲብላላ የኖረውን ነገር አወጣሁት።

«አባባ፣ ያ ሰው አያ ደሴ መሆኑን በምን አወቁ?»

በመገረም አዩኝ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ያየሽው?»

«እኔማ… እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

 ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስኪያርፉም ድረስ ስለዚያ ጉዳይ ዳግመኛ አልተነጋገርንም። እሳቸው በእኔ፣ እኔ በእሳቸው ተማምነን፣ ሁለታችንም ያላየነውን ስንመሰክር ኖርን።

አምና ለሥራ ሐሙሲት ወርጄ ሳለ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ። እናና ነበረች። አባቷ እዚያው በስደት ሞቷል፤ እነሱ ወደ አገር ከተመለሱ ጥቂት ጊዜያቸው ነው። ቤቷ አስገባችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል አነሳችኝ። «የቆመ ሰው ነው ያየሁት እናና፤ ማንከሱን አላየሁም» አልኋት። አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ።

«ወንድሜ ሊመጣ ነው። ስምሽን እንዳትነግሪው» አለችኝ።

ወዲያው ገባ። ያ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የወጣው ሕፃን ሰፊ ትከሻ ያለው ጎልማሳ ሆኗል። «የወረታ እንግዳ ናት» አለችው እህቱ። ወረታ የሚለው ቃል ቁሐርን አስነሣበት። የቤታቸውን በር፣ የተቃጠለውን ጎተራ፣ ሾላውን፣ እሳቱ የመጣበትን ነፋስ ሳይቀር በዝርዝር ነገረኝ፤ ከአባቱ እግር ሥር በየምሽቱ ሲሰማው ያደገው ነው።

«ክትሩን የናደው ራሱ ሟቹ ነው» አለኝ። «ማሳው ላይ የተኛውን ውሃ ወደ ወንዝ ሊያስወጣ ሲቆፍር ወንዙ በላዩ መጣበት። አባቴ በዓይኑ አይቷል።»

ይህን ሲናገር በጉሙ ውስጥ የቆመው ሰው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ የአጎቴ የሙላት ፊት ነበር። ደነገጥሁ። እንደገና አንድ ሰው ሲነግረኝ እያየሁ ነበር።

«አንዲት ልጅ ናት በሐሰት ያስፈረደችብን» ሲል ቀጠለ፤ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነው። «ፍንጭት ናት። ድምፅዋ ቀጭን። የትም ባገኛት ፊቷን አልስተውም።»

እኔ ፍንጭት ሆኜ አላውቅም። እናና አንገቷን ደፋች። እሱ ግን እንግዳ አክባሪ ነውና እስከ መንገድ ድረስ ሸኘኝ፤ በጥሩ ቃል ተሰናበተኝ፤ የታች ሰፈር ሰዎች ዛሬ የት የት እንደሚኖሩም አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። ውሸት ነበር። በዚህ ጉዳይ እያወቅሁ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወንድሞቼ ዛሬም ቁሐር ናቸው። ልጆቻቸው ማምሻውን ታሪክ ንገሪን ሲሉኝ ስለ አህያዋ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ክትሩ ከጠየቁኝ «ተናደ፣ ማን እንደናደው አላውቅም» እላለሁ። ቅር ይላቸዋል። ትልቁ ግን በቀደም አልተቀየመም፤ ፈገግ ብሎ አየኝና «እኛ እናውቃለን እኮ» አለኝ።