በየትኛው «ሀ» ጠፋች?

የኃይለ ሚካኤል ጣጣ የሚጀምረው ከመታወቂያው ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የቀበሌ ጸሐፊ ስሙን በሃሌታው «ሀ» አድርጎ «ሃይለ ሚካኤል» ብሎ ጻፈበት። እሱ ደግሞ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ነውና «ኃይል» በብዙኃኑ «ኀ» ካልተጻፈ ጉልበት ያለው አይመስለውም። ይታረምልኝ እያለ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ወንድሜ፣ ሰው ሲጠራህ አቤት አትልም እንዴ?» ብሎ መለሰው። ኃይለ ሚካኤል በዚያች ንግግር እስከ ዘንድሮ ድረስ ሲናደድ ኖሯል።

ከዚያ የአማርኛ አስተማሪ ሆነ፤ ከማስተማሩም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ገባ። ዜና ያርማል፣ ማስታወቂያ ያነባል፣ የጣቢያዋን የፌስቡክ ገጽም የሚይዘው እሱ ነው። ቀይ እስክሪብቶው ከደረት ኪሱ ተለይታ አታውቅም። አንድ ጊዜ የሠርግ ጥሪ ቢደርሰው፣ ካርዱ ላይ በእሳቱ «ሰ» የተጻፈውን «ሰርግ» በንጉሡ «ሠ» አርሞ ለሙሽራው አባት መልሶላቸዋል። ሰውየው እስካሁን ሰላም አይሉትም። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ ልናገርለት፣ ኋላ ትፈርዱበታላችሁና።

ባለፈው ኅዳር ባሕር ዳር ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላከ። ነገሩ ለጋዜጠኛ የሚጠቅሙ የኢንተርኔት መፈለጊያዎችን ማስተማር ነበር። አሠልጣኟ እጇ የማይታይ ፈጣን ልጅ ናት። አንድ ፎቶ ወስዳ መጀመሪያ የተለጠፈበትን ገጽ አወጣች፤ ከድረ ገጽ ላይ የተሰረዘ ጽሑፍ ከማኅደር ጎትታ አመጣች፤ ከሰማይ በተነሣ ካርታ የከተማውን ጣሪያ አንድ በአንድ አሳየች። ኃይለ ሚካኤል ደብተሩን ሞላ። መሙላቱንስ ሞላ፤ ገባው ወይ? እግዜር ይወቅ። ሲመለስ መኪና ውስጥ ገልጦ ቢያየው የገዛ ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ጽሕፈት ሆነበት።

ደብተሩ ለሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኛ። አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ወይዘሮ አየለች መጡ።

ወይዘሮ አየለች ከወምበርማ ወረዳ፣ ከሽንዲ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። በዋዜማው ሽንዲ ድረስ በእግር ወርደው፣ ቡሬ ዘመድ ቤት አድረው፣ በማለዳ ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገቡ። ነጠላቸው የቡሬን አቧራ እንደያዘ ነው። በሩ ላይ ቆመው «እንዴት አደራችሁ፣ ጌታው። የጠፋ ሰው እዚህ ይፈለጋል ቢሉኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

ከመቀነታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ፈቱ። የስድስተኛ ክፍል የውጤት ካርድና አንዲት ጉርድ ፎቶ ነው። ካርዱ ላይ «ሕሊና ትዕዛዙ» ይላል። ልጃቸው ናት፤ አረብ አገር ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ወንዳወቅ በሚባል ጎረቤት ስልክ ትደውል ነበር። ወንዳወቅ ወደ ነቀምት በኩል ሲሻገር ስልኩም አብሮት ሄደ፤ ድምፅዋም በዚያው ጠፋ። ይኸው ሦስት ዓመት።

«አጎቷ አድማሴ እርምሽን አውጪ ይለኛል» አሉ ወይዘሮ አየለች፤ «እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ ሊያስለቅሰኝ ነው። ድንኳኑም ተለምኗል። እኔ ሳላውቅ በልጄ ላይ አላለቅስም፣ ጌታው። ያለች እንደሆንስ? በቁሟ ላልቅስባት?»

ይህን ሰምቶ የኃይለ ሚካኤል እጅ ወደ ምን ሄደ? ወደ ቀይ እስክሪብቶው። «እንዳንሳሳት» አለና ስሙን ደብተሩ ላይ በትልልቁ ጻፈው፦ ኅሊና ትእዛዙ። «ይኼ ካርድ ላይ በሐመሩ ሐ ጽፈውታል፤ ስሕተት ነው። ኅሊና ማለት ኀለየ ካለው ነው የሚወጣ፣ ብዙኃኑ ኅ ነው። ትእዛዝም በአልፋው እንጂ በዐይኑ አይደለም» ብሎ ለወይዘሮ አየለች አስረዳቸው።

ወይዘሮ አየለች ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። «እሺ፣ እንደሚሆን አርጉት» አሉ።

ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን ትምህርት መሠረት ስሙን በትምህርተ ጥቅስ አጥሮ ፈለገ። ብዙኃኑን «ኅ» ከቁልፎቹ መካከል ለማግኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ምንም አልተገኘም። ፌስቡክም ላይ ሞከረ፤ እዚያም ምንም።

ወደ ፎቶው ዞረ። ጉርዷን በስልኩ አንሥቶ ለመፈለጊያው ሰጠው። መፈለጊያው ባዶ እጁን አልመለሰውም፤ አንዲት የማያውቋት መነኩሲት፣ አንዲት የሕንድ ተዋናይት፣ የመጋረጃ ማስታወቂያ፣ ልክ እንደ ሕሊና ነጠላ ያጣፉ አሥራ ሁለት ሴቶች አመጣለት። ወይዘሮ አየለች ወንበራቸውን አስጠግተው አንድ በአንድ አዩአቸው። «ይችም የእኔ አይደለችም። ይችም አይደለችም» ይላሉ በቀስታ። መጋረጃው ላይ ሲደርሱ ዞረው አዩት። ምን ብሎ ያስረዳቸው? ለእሱም አልገባውም።

ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ደብተሩን ገለጠ። «ካርታ» የሚል አገኘ። ካርታ ለምን እንደሚጠቅም ለራሱም ግልጽ አልነበረም፤ ብቻ እጁን ሥራ ለማስያዝ ከፈተው። ከሽንዲ ተነሥቶ መንገዱን ተከትሎ ወደ ታች ወረደ። ወይዘሮ አየለች መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር፤ ድንገት ጣታቸው መስተዋቱን ነካ።

«ይኼማ የማርያም ጸበል ነው። ይኼ የእነ አድማሴ ባሕር ዛፍ። ይኼ… ይኼ የእኛ ቤት አይደለም?»

«መሆኑ ነው መሰለኝ» አለ ኃይለ ሚካኤል።

«መቼ የተነሣ ነው?»

ከግርጌ ያለውን ቀን አየ። በፈረንጅ ነው፤ በጣቱ ሲቀንስ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። «ከሰባት ዓመት በፊት ነው።»

«እንግዲያው ቤት ነበረች» አሉ ወይዘሮ አየለች። ድምፃቸው ተለወጠ። «ያኔ አልሄደችም። ቅረቡ እስቲ፣ ግቢውን አሳዩኝ። ከብት እያሰረች ይሆናል።»

ቀረበ። በቀረበ ቁጥር ቤቱ እየፈረሰ ግራጫና አረንጓዴ ነቁጥ ብቻ ሆነ። እናትዮዋ ከነቁጡ ዓይናቸውን አልነቅል አሉ። ኃይለ ሚካኤልም ካርታውን ለመዝጋት አልደፈረም።

በዚህ መሐል ያምሮት ገባች። ያምሮት የገበሬዎች ፕሮግራም አዘጋጅ ናት፤ ከኃይለ ሚካኤል ቀይ እስክሪብቶ ጋር ስምንት ዓመት የታገለች ሴት። ነገሩን ጠየቀች፣ ሰማች፣ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ስም አየችና ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ እስቲ አሳስተው ይጻፉት።»

«ምን አድርጌ?»

«ልጅቱ ራሷ ስሟን እንዴት እንደምትጽፍ ያስቡና እንደሷ ይጻፉ። አሁን ማን በዚህ ኅ ይጽፋል? አሠልጣኟ አላለቻችሁም?»

«አላለችም» አለ ተቆጥቶ። ለማረጋገጥም ደብተሩን ገለጠ። በሁለተኛው ቀን ገጽ ላይ በገዛ እጁ «ስምን በትክክለኛው ፊደል መፈለግ» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ሲያነብ የአሠልጣኟ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣበት። እንዲህ አልነበረም ያለችው። «ስምን ሰው ሊስተው በሚችለው ፊደል ሁሉ ፈልጉ» ነበር ያለችው። እየሰማ እጁ አርሟታል።

ጉድ እኮ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን ነገር ሆነ ብሎ ሊያደርግ ነው። በአንዲት ጣቱ፣ ሰው እንደሚያየው ሌባ እየተሳቀቀ፣ ሃሌታውን «ህ» መታ። ዐይኑንም አልፋውንም ከነጭራሹ ጣላቸው። «ህሊና ትዛዙ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ፈለገ።

አንድ መልስ መጣ። ቢከፍተው የገዛ ጣቢያቸው ገጽ ነው። የተሳሳተ ነገር የነካ መስሎት ተመልሶ እንደገና ፈለገ፤ አሁንም እዚያው አመጣው። ከዚያ ነው ጽሑፉን ያየው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ አንዲት ሴት ገጻቸው ላይ እንዲህ ስትል ለጥፋለች፦

«ሰላም ለናተ ይሁን ህሊና ትዛዙ ነኝ የወንበርማ ልጅ ስልኬ ተሰብሮብኝ ቁጥር ጠፋኝ እናቴ አየለቺ ትባላለች እባካቹ በራድዮ ደና ናት በሉልኝ»

ከሥሩ የጣቢያው መልስ አለ፦ «በቅድሚያ ፊደል ጠንቅቀው ይጻፉ። ኅሊና እንጂ ህሊና የሚባል ስም የለም። የገጹ አዘጋጅ።» ሰባት ሰው ስቆበታል።

የገጹ አዘጋጅ ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ኃይለ ሚካኤል ይህን መጻፉን ለማስታወስ ሞከረ፤ ጨርሶ ትዝ አላለውም። አንጀቱን የቆረጠውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ መልስ ስንት ጊዜ ጽፏል፤ ለስንት ሰው? ያምሮት ከጀርባው ቆማ አነበበች።

«አገኛችሁ?» አሉ ወይዘሮ አየለች።

«አድራሻዋን ይመስለኛል። እስክትመልስ እንጠብቅ» አለ። የቀረውን ሸሸገ። ለልጅቱ በውስጥ መስመር ጻፈላት፦ «ህሊና ትዛዙ፣ እናትሽ አየለች ፍኖተ ሰላም ሬዲዮ ጣቢያ ናቸው። ደኅና ናቸው። አንቺስ?» ፊደሉን አልነካም፤ ስሟን እንደሷ ጻፈ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ኔትወርኩም ሄደ፤ ያምሮት ገጹን በስልኳ ከፍታ ኔትወርክ ፍለጋ መስኮቱ ላይ ወጣች። ወይዘሮ አየለች ከቋጠሯት ዳቦ ቆርሰው ለሁለቱም ሰጡ። ኃይለ ሚካኤል ዳቦውን ይዞ ቁጭ አለ፤ ሊበላው አልቻለም። ወደ ቡሬ የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል። ዛሬ ካላወቁ ነገ የድንኳኑ እንጨት ይተከላል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል መልሱ መጣ፦ «እውነት ነው እናቴ አሉ»። ወዲያው በዚያው በፌስቡክ ተደወለ፤ የያምሮት ስልክ ጮኸ። ያምሮት አንሥታ ለወይዘሮ አየለች ሰጠቻቸው። እሳቸውም የሞላ ወተት እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እማ» አለ ድምፁ።

ወይዘሮ አየለች ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ነገር አልተናገሩም። «በልተሻል?» ነው ያሉት። ሦስቴ ጠየቋት። ከዚያ እንባቸው መጣ፤ እያለቀሱ ስለ ላሟ ነገሯት፣ ስለ ወንዳወቅ ስልክ ነገሯት። «ምነው ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም?» አሏት መጨረሻ ላይ።

ስልኩ ጮክ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። «ጽፌ ነበር እኮ፣ እማ፤ ለራዲዮው። እንዲህ የሚባል ስም የለም አሉኝ። ሰውም ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ አፍሬ ለማንም አልጻፍኩ።»

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ወይዘሮ አየለች ስልኩን ለያምሮት መለሱ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ወደ ኃይለ ሚካኤል ዞሩ።

«የለም ያላት ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

የተቆጡ አይመስሉም፤ ነገሩ አልገባቸውም። «ስለምን?»

«ፊደሉን ስታ ነው። ማለቴ… ስሟን አሳስታ ጽፋ ነበር።»

«ልጄ ስሟን ሳተች? እስቲ የጻፈችውን አንብቡልኝ።»

ኃይለ ሚካኤል አነበበላቸው፦ «ህሊና።»

«አንቱ ያረማችሁላትንስ?»

«ኅሊና።»

ወይዘሮ አየለች ጆሯቸውን አዘነበሉ። «እንደገና በሉት» አሉ። እንደገና አለው፤ አንዱንም፣ ሌላውንም። እናትዮዋ ልዩነቱን እንዲያገኙለት ከልባቸው ደከሙ፤ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«አንድ ነው እኮ፣ ጌታዬ» አሉ በመጨረሻ።

የቀበሌው ጸሐፊ ከሃያ ዓመት በኋላ ጆሮው ላይ ሳቀበት። የሚሠራው ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ያን ቀን መልእክቱን አንሥቶ በማይክሮፎን ቢያነበው ኖሮ፣ ሽንዲ ላይ ሆኖ ፊደሏን የሚያይባት ሰው አልነበረም። ይቅርታ ሊጠይቅ ከወንበሩ ተነሣ። ወይዘሮ አየለችም መኪናው እንዳያመልጣቸው ጓዛቸውን ሰብስበው፣ «ለእነ አድማሴ በሬዲዮ ንገሩልኝ፤ እኔ እስክደርስ ድንኳኑን እንዳይተክሉት» ብለው ወጡ።

በአሥራ አንድ ሰዓቱ ማስታወቂያ ኃይለ ሚካኤል ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ በገዛ እጁ «ህሊና ትዛዙ» ብሎ ጽፏል። ቀይ እስክሪብቶዋን ውጭ ጠረጴዛው ላይ ትቷታል። በወምበርማ ወረዳ በሽንዲ አካባቢ ለምትገኙ ለአቶ አድማሴና ለመላው ዘመድ፣ ልጃችሁ በሕይወት አለች፣ ደኅና ናት አለ። ስሟን ሦስት ጊዜ አነበበ። በየትኛው «ሀ» እንዳነበበው የጠየቀ ሰው አልነበረም።