የአይጧ ጥም

ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ፀሐይ ያሞቀው የፕላስቲክ ቱቦ ሲሸተኝ ዓይኔን ጨፍኜ ለአፍታ እቆማለሁ።

ልጅ ሳለሁ ወንድ አያቴ በርበሬ በጠብታ መስኖ ያለሙ ነበር። ውሃው ከፕላስቲክ ቱቦው ጠብ ጠብ ሲል ማሳው ሁሉ የሚያንሾካሹክ ይመስለኝ ነበር። አንድ በጋ አይጥ ቱቦውን ቦጫጨቀችውና ችግኙ ጠወለገ። አያቴ የቱቦውን ጫፍ ፈትተው ውስጡ የተጠራቀመውን አረንጓዴ ዝቃጭ ሲያጥቡ፣ እኔ የተበላውን ቦታ እየፈለግሁ በላስቲክ አስር ነበር።

«መርዝ እናድርግላት» አልኳቸው ተናድጄ።

«ጠምቷት እኮ ነው ልጄ። እሷንም የፈጠራት አላህ ነው» አሉኝና በሸክላ ጣባ ውሃ ሞልተው ከችግኙ መደብ ዳር አኖሩላት።

በማግስቱ ጣባው ደርቆ አገኘሁት። ከችግኙ እኩሌታው ብቻ ተረፈ። አሁን አያቴ የሉም፤ በማሳውም ላይ ቤት ተሠርቷል። ያን ውሃ አይጧ ትጠጣው ፀሐይ ይምጠጠው ዛሬም አላውቅም።