«ሊሆን ይችላል»

አሶሳ ውስጥ የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ቀጥሎ የቆርቆሮው ሙቀት። ፊዚክስ ለማስተማር ከሌላ ክልል ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝ። ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ ነው ከክፍል የወሰዱኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ከአሶሳ ወዲያ ያለችው የመንጌ ወረዳ ሰው፣ ወርቅ አጣቢ። አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ነው።

«ኡስታዝ፣ ምን እያስተማርክ ያዙህ?»

ስለ ጥቁር ጉድጓድ አልኳቸው። ትልቅ ኮከብ ሲሞት በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይፈርሳል፤ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር ይሆናል። አንዳንዶቹ ግን ኮከብ ከመኖሩም በፊት ተፈጥረው ሊሆን ይችላል።

«ኮከብ የለም። ታዲያ ምኑ ሞተ?»

ተማሪዎቼ እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ዓለም ገና ትኩስና ጥቅጥቅ ያለ ሳለ፣ ከዙሪያው ትንሽ የከበደ ቦታ በራሱ ላይ ተደርምሶ ይሆናል አልኳቸው። የምሳ ሳህናቸውን አነሱ። ከወለሉ አፈር ዘገኑ፣ የተሰበረ ሚስማር ጨመሩ፣ ከምንጠጣው ውሃ ትንሽ አፍስሰው እንደ ወርቅ ማጠቢያ ገበቴያቸው ያሽከረክሩት ጀመር። ጭቃው በጠርዙ ፈሰሰ፤ ሚስማሩ ታች ቀረ።

«ከባድ ነገር ማንንም አይጠብቅም። መጀመሪያ ይወርዳል።»

«እዚያ የሚያሽከረክር እጅ የለም፣ አባቴ። ክብደቱ ራሱ ሌላውን ይስባል።»

«አይተሃል?»

«ማንም አላየም። ሊሆን ይችላል ነው የምንለው።»

«ጥሩ ነው» አሉ። «እኛ ጋ ሳያጥብ ወርቅ አለ የሚል ሰው፣ ማንም ከሱ ጋር አይቆፍርም።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማዬ ነው። ሽማግሌው ለታጣቂዎች ወርቅ እንደሚያቀብሉ ሲናገሩ ሰምቻለሁ ይላል።

«መምህር፣ ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስታወሩ ነበር?»

ስለ ዓለም መጀመሪያ እንኳ «ሊሆን ይችላል» የምል ሰው፣ አጠገቤ በሚተኙ አዛውንት ላይ ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ ብለህ ፈርም ተባልኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው ያወራነውን ጻፍኩ፤ ጥቅጥቅ ያለውን ዓለም፣ ሳህኑን፣ ሚስማሩን። ከሥሩ «ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔም አይቻለሁ» ብዬ ፈረምኩ።

አንብቦ ቀደደው። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ቆየሁ። ሽማግሌውን በማግስቱ ወሰዷቸው፤ ሲወጡ ሳህኑን አጥበው በእጄ ሰጡኝ። መንጌ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አሁንም አስተምራለሁ። የጥቁር ጉድጓድ ትምህርት ላይ ስደርስ ያን ሳህንና አፈር ይዤ እገባለሁ። «መምህር፣ እርግጠኛ ነዎት?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም፤ አይደለሁም እለዋለሁ። እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር አለ፦ በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቃል ከሽማግሌው አፍ አልሰማሁም። እሱን ግን የሚጠይቀኝ የለም።