አጥንት የሚቆረጥሙ ላሞች

ወንድሜ ኦሌቢሌ በሬ ከሚሸጥ ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። ሚስት ሳያገባ፣ ዕድሜውን ሙሉ ካላሃሪ በረሃ ዳር የአባታችንን መንጋ ሲጠብቅ ኖረ። ከውርሱ ለእኔ ለሴቷ አንዲት ጥጃ እንኳ አልደረሰችኝም፤ ምክሬን ግን በነፃ እሰጠው ነበር።

አንድ በጋ ሣሩ ደርቆ ገለባ ሆነ። ላሞቹ ሆዳቸው ሞልቶ እያለ ከሱ፤ መፅነስም አቆሙ። የእንስሳት ሐኪሙ ግጦሻችን ፎስፈረስ እንደሚያንሰው፣ የሚላስ የማዕድን ጨው ካላገኙ አጥንት እንደሚበሉ ነግሮን ሄደ። እኔም አንዱን በሬ ሽጥ፣ ዋጋው የበጋውን ጨው በሙሉ ይሸፍናል፣ ላሞቹ ሲወልዱ በሬህን ይተኩልሃል ብዬ ለመንኩት።

"ከብት ሸጬ ከብት ላበላ? አባዬ ጨው ገዝቶ ያውቃል?" አለኝ። "ይልቅ አፍሽን የሚገዛኝ ባገኝ መንጋው ሁሉ ይጠግብ ነበር።"

ከዚያ ማኘኩ ጀመረ። አመሻሽ ላይ ከግጦሽ ሲመለሱ አፋቸው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የዔሊ ቅርፊት፣ የሞተ አህያ መንጋጋ፣ ያገኙትን ሁሉ። ዓይናቸውን እኛ ላይ ተክለው ነው የሚያኝኩት። በቁሜ ፈራሁ። አንዲት እርጉዝ ላም በበላችው አጥንት ተመርዛ እግሯ ከዳት፤ ዓይኗ እንደፈጠጠ፣ ምላሷን ጎልጉላ ሞተች። ኦሌቢሌ መተት ነው አለ።

ቀጥሎ ወደ አሮጌው በረት መሄድ አመጡ። አባታችን እንደ ድሮው ልማድ የተቀበረው እዚያው በረቱ ውስጥ ነው። መንጋው መቃብሩን ከቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ኦሌቢሌ አለቀሰ።

"አየሽ? ባለቤታቸውን አልረሱም። አባዬ ከብቶቹን እየጎበኘ ነው።"

እኔም ላምነው ምንም አልቀረኝም።

አንድ ማለዳ ቡራቡሬዋ ላም ከዚያ በረት ረጅም አጥንት በአፏ አጋድማ ይዛ መጣች። ለካ አሸዋውን በሰኮናቸው ሲጭሩ ከርመዋል። ኦሌቢሌ ጠጋ ብሎ ጫፉን ያዘና ጎተተ። እሷም አልለቀቀችም። ሲጓተቱ ተሰበረ፤ ግማሹ እጁ ላይ ቀረ፣ ግማሹን እያየችው ቆረጠመችው።

ወንድሜ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

"በሬውን ውሰጂ" አለኝ፣ ቀና ሳይል። "የፈለግሽውን ሽጪ።"

በሬው ተሸጦ ጨው ተገዛ። የተረፈውን የአባታችንን አጥንት ለቅመን ከአጥሩ ውጭ ደግመን ቀበርነው። በዓመቱ ላሞቹ ወለዱ፤ ቡራቡሬዋም ወለደች። ኦሌቢሌ የእሷን ወተት እስከ ዛሬ አይቀምስም፤ ስትታለብ እንኳ ፊቱን ያዞራል።

እኔ ግን እጠጣለሁ። ለእኔም እኮ አባቴ ነበር።