አስዋንግ የተባለችው አዋላጅ

በካፒዝ አውራጃ ባሕር ዳርቻ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ አዋላጇ ፓሲታ ባል ሳታገባ ብቻዋን ትኖር ነበር። ለሐሜት ይህ በቂ ሆነና «አስዋንግ» የሚል ስም ወጣላት፦ አንዴ ውሻ አንዴ ወፍ እየሆነች የእርጉዝ ሆድ እያሸተተች ጽንስ የምትበላ ጭራቅ። እጇን ይፈልጋሉ፣ ዓይኗን ይፈራሉ። ስሙን ሠላሳ ዓመት ከመስማቷ ብዛት እሷም ራሷን የጠረጠረችበት ቀን ነበር።

አንድ ረፋድ ኒምፋ የምትባል ወጣት ምጥ ያዛት። ጽንሱ በእግሩ መጣ። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ጀልባዎቹ ሁሉ ዓሣ ፍለጋ ወጥተዋል። ፓሲታ እየሮጠች ደረሰች። የኒምፋ አማት ኢላርያ ግን የቤቱ የቀርከሃ ደረጃ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ወዲያ በይ! የልጅ ልጄን ልትበዪ?»

«እማማ፣ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት።»

«ዓይንሽን አሳዪኝ!»

በአስዋንግ ዓይን ውስጥ የሰው መልክ ተዘቅዝቆ እንደሚታይ የማያውቅ የለም። ፓሲታ ዓይኗን በለጠጠች። አሮጊቷ አፍንጫ ለአፍንጫ እስኪነካኩ ተጠጉ።

«ተዘቅዝቄያለሁ?» ሲሉ ታች ወደቆመው ልጃቸው ጮኹ።

«እኔ ከዚህ ሆኜ በየት ልየው፣ እማዬ!»

«ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ!» አሉ አሮጊቷ።

«እሱ የእርስዎ ዓይን ነው እማማ፤ ሞራ ጋርዶታል» አለች ፓሲታ። ደጁ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት በሳቅ ፈነዳ።

ከውስጥ ኒምፋ ጮኸች፦ «አስገቧት! መጀመሪያ ታዋልደኝ፣ ከዚያ ከፈለገች ትብላኝ!»

የአሮጊቷ እጅ ወረደ። ፓሲታ ዘልላ ገባች፤ እጇን ታጥባ የኮኮናት ዘይት ተቀባች። «አትግፊ… ቆይ… አሁን! አይዞሽ የኔ አንበሳ!» እግሩ ወጣ፣ ወገቡ፣ ትከሻው። ጭንቅላቱ ግን ተያዘ። ፓሲታ ጣቷን ከአገጩ ሥር አስገብታ ቀስ ብላ አቀናችው፤ ወጣ። ጀርባውን አሸችው፣ ደግማ አሸችው። ሕፃኑ አለቀሰ!

ደጁ በእልልታ ተናወጠ። ኢላርያ ወደ መስኮቱ ሮጡ። «በእግሩ ነው የመጣው! በእግሩ የመጣ ልጅ እጁ መድኃኒት ነው፤ ከእንግዲህ የዓሣ አጥንት ያነቀው ሁሉ እኛ ቤት ይምጣ፤ ጉሮሮውን ዳስሶ ያወርድለታል!» ከዚያ ዘወር አሉ። «የክርስትና እናቱ አንቺ ነሽ።»

ፓሲታ ሕፃኑን ትኩር ብላ አየችው። ሁለት መቶ ያህል ልጅ ተቀብላለች፤ ለክርስትና የጠራት ግን አንድም አልነበረም።

«ምነው፣ አልፈልግም ነው?»

«ኧረ እማማ» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ «ምን እለብሳለሁ ብዬ እኮ ነው።»