የሩቅ ተራራ ጭስና የወንድሜ አፍ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎንደር

እኔ በቅሎ አልወድም፤ ብርድ አልወድም፤ ስብሰባማ ስሙንም መስማት አልወድም። ይኸው ሦስቱንም ፍለጋ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አዲስ ዓለም ካለው ቤታችን ወጥቻለሁ። በአንድ እጄ ቦርሳዬ፣ በሌላው እናቴ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎና በሶ። ኅዳር ነው፤ ስተነፍስ አፌ ይጨሳል። ቀና ስል የነገሥታቱ ግንብ ገና ጥቁር ሆኖ ይታየኛል። "አንተ ነህ ይሄን ሁሉ ያመጣህብን" አልኩት። ወላሂ፣ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ጎንደር ሐኪም ቤት ነርስ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ኢድሪስ ደግሞ ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲህ ባለች፣ ስሟን ልተወውና፣ በአንዲት መንደር ጂኦግራፊ ያስተምራል። ያን ሰሞን ማታ ማታ ሰማዩ ደም ይመስል ነበር። ተማሪዎቹ ምነው ቢሉት፣ ሜክሲኮ የሚባል አገር ተራራ ፈንድቶ አመዱ ሰማይ ላይ ዓለምን እየዞረ ነው አላቸው። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ወንድሜ ግን ሲፈጥረው ማቆም አያውቅም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አይስላንድ የምትባል ደሴት ምድሯ ተሰንጥቆ እሳት እንደተፋ፣ ጭሱ ፀሐይን እንደጋረደ፣ በዚያው ዘመን የዓባይ ውኃ እንደጎደለ፣ በዚያው ዘመን ደግሞ የጎንደር መንግሥት እየተንኮታኮተ እንደነበር ነገራቸው። "ማስረጃ የለኝም፤ ግን ጭሱ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም" አለ። ልጆቹ ለአባቶቻቸው ነገሩ፣ አባቶቹ ለገበያው። ወሬው ገበያውን ዞሮ ሲመለስ "መምህሩ ሰማይ ሲቀላ መንግሥት ይወድቃል አለ" ሆኖ ቁጭ አለ።

የመንደሯ ካድሬ ጠራውና ግለ ሂስ እንዲያደርግ ወሰነበት፤ እሑድ ገበሬው በተሰበሰበበት ቆሞ ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱን ካመነ ማስተማሩን ይቀጥላል፤ ካላመነ ታስሮ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ያኔ ታስሮ መውረድ ምን ማለት እንደነበር የዘመኑ ሰው ያውቀዋል፤ ወርዶ ያልተመለሰ ጎረቤት ያልነበረው ቤት የለም።

እናቴ በሩን ተደግፋ "ተሳስቻለሁ ይበል በይው፤ አንዲት ቃል ናት። ለኔ ሲል ይበላት" ብላ ሸኘችኝ። የኔም ጉዞ ለዚህችው ለአንዲት ቃል ነው።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ አምባ ጊዮርጊስ

የጭነት ማኪና ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በአንድ ጆንያ ሽንኩርት መካከል ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ አየው።

"ምን ልታደርጊ ነው ምትሄጂው?"

"ወንድሜ ታሞብኝ።"

"ምኑን?"

"አፉን" አልኩ፤ አመለጠኝ።

"ጥርሱን ነው?"

"አዎ፣ ጥርሱን።"

"አይ፣ ጥርስስ ክፉ ነው፤ እግዜር ይማረው" ብሎ አዝኖ አሳለፈን። ሾፌሩ ኬላው ከኋላችን እስኪጠፋ ሳቁን ይዞ ቆየና ለቀቀው። እኔም ነገሩን ነገርኩት፤ ሾፌር ጥሩ ጆሮ አለው። ጥቂት አሰበና "እኔ የማውቀው መንግሥት የሚወድቀው ናፍታ ሲያልቅበት ነው" አለ። ወዲያው በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ፤ ከኋላችን ሽንኩርት ብቻ ነው የተጫነው።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆመን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን። የወገራ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል፤ ፈረሶች፣ የበግ ለምድ የደረቡ ሰዎች፣ ጢሳቸው ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጎጆዎች። ብርዱ ግን ይህን ሁሉ በደንብ እንዳይ አልፈቀደልኝም፤ ጣቶቼን ድንቹ ላይ እያሞቅሁ ነበር። ማምሻውን ደባርቅ ገባን። የአባቴ የንግድ ወዳጅ ቤት አደርኩና በቅሎና ባለበቅሎ ተገኘልኝ።

ዓርብ፣ ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ

ባለበቅሎዬ አያ ቸኮል ይባላሉ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ በቅሎይቱ ከርሳቸው ትቸኩላለች። ሠላሳ እርምጃ በሄድን ቁጥር ቆመው አንድ ነገር ይነግሩኛል፤ ይሄ ተክል ጅብራ ነው፣ ያ ዛፍ አስታ ነው፣ እነዚያ ዝንጀሮች ጭላዶች ናቸው። ጭላዶቹን እንኳ አውቃቸዋለሁ ብላቸው "ቢሆንም እያቸው" አሉኝ።

"ምነው፣ የመምህሩ እህት ነሽ አሉኝ?"

"ነኝ አያ።"

"ሸጋ ልጅ ነው። የኔም ልጅ እሱ ዘንድ ነው የሚማር። ደፋር ነው ብቻ።"

"ለፍላፊ ነው እንጂ ምን ደፋር ነው!"

"ኧረ እንዲያ አትበይው፣ እቴ" አሉኝ ቅር ብሏቸው። የሰው ወንድም የሰደብኩ ይመስል እኔው ራሴ አፈርኩ።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ ቆሟል፤ ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል። አያ ቸኮል አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹትና እፍ አሉበት። እጃቸው ላይ ምንም አልቀረም።

"ውርጭ ነው" አሉኝ። "በአንድ ሌሊት ጨረሰው።"

"ታዲያ ምን ልትበሉ ነው?"

"እኛስ እንዳመጣው እንሆናለን። ኮታው ነው እንጂ ያሳሰበን።"

ኮታ የሚሉት ገበሬው በተቆረጠለት ዋጋ ለመንግሥት የሚያስገባውን እህል ነው። ገብሱ ቢያፈራም ባያፈራም ይጠየቃል። አያ ቸኮል ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ከጭላዳ በቀር የሚሰማን አልነበረም።

ጨነቅ ስንደርስ ፀሐይ ገባች። ያ አላህ! ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ገደሉ ቀላ፣ በቅሎይቱ ቀላች፣ የአያ ቸኮል ሽበት ሳይቀር ቀላ። ስሙን በቅጡ መጥራት ከማልችለው አገር የመጣ አመድ ነው ይሄ? ወንድሜ ትንሽ ልጅ ሳለ በጀርባዬ አዝዬው ስሄድ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች እያለ አንገቴን ያደርቀው ነበር። ያ ልጅ ይህን ሰማይ አይቶ ዝም እንዲል እንዴት ይጠበቃል? እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አያ ቸኮል ብርዱ መስሏቸው ጋቢያቸውን ጣሉብኝ።

ያደርንበት ቤት ሰዎች ጾም ላይ ናቸው፤ የነቢያት ጾም ነው። ለኔ ተመቸኝ፤ የማን እርድ ነው የሚባል ጣጣ የለም። ሽሮ በእንጀራ በልተን በላዩ ጦስኝ የተፈላበት ውኃ ጠጣንበት።

ቅዳሜ፣ መንደሯ

ኢድሪስ ሲያየኝ የጠመኔ እጁን ሹራቡ ላይ ጠርጎ ሮጠ። የሹራቡ ክርን ተቀዷል፤ ከስቷል፤ ጢም ብጤ አውጥቷል። ልመታው መጥቼ አቀፍኩት።

የሚኖረው እማ ውዴ የሚባሉ ባልቴት ጓዳ ውስጥ ነው። እማ ውዴ ለርሱ ለብቻው ድስት ገዝተውለታል፤ "የእስላሙ ልጄ ድስት ናት፤ ማንም አይነካትም" ብለው ከፍ አድርገው ሰቅለዋታል። ጎረቤት ጨው እንኳ ልትወስድበት ብትል ይቆጣሉ አሉ።

ካድሬውም ሊያየኝ መጣ። ጓድ ሰይፉ ይባላል፤ አውሬ ጠብቄ ነበር፣ ያገኘሁት ከንፈሩ በብርድ የተሰነጠቀ፣ ሻርፕ የጠመጠመ ጎረምሳ ነው። "እህቱ ነሽ? እባክሽ ምከሪው። እኔም ከበላይ ይጠይቁኛል" አለኝ። ከቦርሳዬ ቫዝሊን አውጥቼ ለከንፈሩ ሰጠሁት።

ማታ ከኢድሪስ ጋር ተያያዝን።

"አንዲት ቃል ናት፣ ኢድሪስ። ተሳስቻለሁ በልና ቁጭ በል።"

"እትዬ፣ እውነት ቢሆንስ?"

"እውነት ከሆነ አንተ ብትክዳት ምን ትሆናለች? ተራራው እንደሆነ ፈንድቶ አልቋል!"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የእናታችንን መልእክት ስነግረው ሳቁን ተወና እሳቱን ቆሰቆሰ።

"እሺ፣ ተሳስቻለሁ እላለሁ።"

"ማል።"

"ወላሂ እላለሁ።"

ከጎንደር ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የወሰደኝ ያን ሌሊት ነው።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ሜዳው ላይ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። እኔ ከእማ ውዴ ጎን ነኝ። ጓድ ሰይፉ መፈክር አሰማና ኢድሪስን ጠራው። ወንድሜ ተነሥቶ ከፊት ቆመ። እንደዚያን ቀን ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"ተሳስቻለሁ" አለ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቁጭ በል፣ በቃ ቁጭ በል እላለሁ በልቤ። እሱ መቼ ሊቀመጥ!

"ጭስ መንግሥት ጣለ ማለቴ ስህተት ነው። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ጭስ ፀሐይ ይጋርዳል፣ ዝናብ ያስቀራል፣ ውርጭ ያመጣል፤ ከዚያ ወዲያ አቅም የለውም። ክፉ ዓመት ብቻውን መንግሥት የሚጥል ቢሆን አንድም ንጉሥ ባልሰነበተ። የጣላቸው፣ ገብሱ ገለባ ሆኖ ሳለ ጭፍራ ልከው ግብር አውጣ ማለታቸው ነው። አይስላንድ ያለው ተራራ ጎተራውን ባዶ አደረገ እንበል፤ ባዶውን ጎተራ የደበደቡት ግን እነሱው ናቸው። ጥፋቴ ለተራራ የማይገባውን ሥልጣን መስጠቴ ነው።"

ጓድ ሰይፉ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ትክክል!" ብሎ ጮኸ። "ይሄ ነው ሳይንሳዊ ትንተና! ፊውዳሉን የጣለው የራሱ ብዝበዛ ነው! አጨብጭቡለት!"

ራሱ ጀመረና ያጨበጭብ ገባ። ገበሬው መጀመሪያ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ አንድ ሁለቱ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ሁሉም። ጭብጨባው አልቆም አለ። እኔ ሞኟ ከሁሉም በላይ አጨበጭባለሁ፤ ወንድሜ ተረፈ ብዬ።

ጭብጨባው ሲበርድ እማ ውዴ ነጠላቸውን አስተካክለው ከጎኔ ተነሡ።

"ጓድ፣ ልጄ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ።"

"ይናገሩ፣ እማማ" አለ፤ ደስታው ገና ፊቱ ላይ ነው።

"ዘንድሮ የኛንም ገብስ ውርጭ መታው። እሱ ካለው ጋር አንድ ሆነብኝ። እንግዲህ ኮታውን ምን እናድርግ?"

የጓድ ሰይፉ እጆች እንደተገጣጠሙ ቀሩ። እማ ውዴን አየ፣ ኢድሪስን አየ፣ ሕዝቡን አየ። አሁን ያጨበጨበለትን ነገር ወንጀል ነው ማለት አይችል! በዚያ ብርድ ግንባሩ አላበው።

"ግለ ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል" አለ በመጨረሻ። "ስብሰባው ተበትኗል።" መፈክር እንኳ ሳያሰማ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ሰይፉን እማ ውዴ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ግባ ብንለው አልገባም።

"አስጨበጨብከኝ እኮ፣ አንተ ሰው" አለው ኢድሪስን። ሊስቅም ሊያለቅስም የቃጣው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ይዘሽው ሂጂ። ውርጩን ለበላይ አስታውቃለሁ። ግን ሌላ ሰው አጣሪ ሆኖ ቢመጣ እኔ ላድነው አልችልም።"

ልብሱን መጠቅለል ጀመርኩ። ኢድሪስ ከእጄ ወሰደብኝ።

"እትዬ፣ እኔ ዛሬ ከሄድኩ 'አስተምሯት አመለጠ' ይሉና እማ ውዴን ነው የሚይዙ። ትቻቸው አልሄድም።"

ጮህኩበት፤ ለመንኩት፤ እናቴን ጠራሁበት፤ አለቀስኩ። ሙጭጭ አለ። እማ ውዴ ራሳቸው "ሂድ፣ ልጄ፣ እኔ አሮጊት ምን ያደርጉኛል" ቢሉት "ድስቴን ማን ይጠብቃል?" ብሎ ቀለደባቸው። ያኔ አንጀቴን በላው። ተናድጄበት፣ ፈርቼለት፣ ደግሞ ኮርቼበት፣ ሦስቱም ባንድ ላይ መጡብኝ።

(ኋላ እንደሰማሁት የዚያች መንደር ኮታ ያን ዓመት ተቀነሰ፤ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ጓድ ሰይፉ ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ። እማ ውዴንም ወንድሜንም የነካቸው አልነበረም። ያን ቀን ግን ይህን ማን ያውቅ ነበር?)

ረቡዕ፣ ማታ፣ ጎንደር

በቅሎዋ ወገቤን፣ ማኪናው የቀረውን ጨርሰውኝ ቤት ገባሁ። እናቴ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።

"የታል?"

"ደኅና ነው፣ እማ። ማስተማሩን ቀጥሏል።"

"ተሳስቻለሁ አለ?"

"አለ። ሕዝብ ፊት ቆሞ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ እዚያው ተደፋች። ተነሥታ ለብ ያለ ውኃ አመጣችና እግሬን ታሽልኝ ጀመር። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች፤ እናት አይደለች፣ ልጇን ታውቀዋለች።

"ለይምሰል ነው ወይስ ከልቡ?"

"ከልቡ ነው" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ከልቡ ነበር።

እናቴ ለአዲስ ዓለም ሴቶች ሁሉ "ልጄ ጥፋቱን አምኖ አፉን ሰበሰበ" እያለች ስታወራ ከረመች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አዎን እያልኩ ሰነበትኩ።